ከቅበላ በፊት የሚከፈል ዕዳ

(ከጾመ ነነዌ ቀጥሎ በዋለው እሑድ፣ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባላቱ በአንዱ የተደረገ ንግግር)



የሒሳቡን ሪፖርት ሰምታችኋል፤ መዋጮ ያልከፈለው ስሙ ተጠርቷል፤ ድንኳኑ መጠገን፣ የጎደለውም ሳህን መተካት እንዳለበት ተነግሯችኋል። እኔ ደግሞ በገንዘብ ያዡ መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ዕዳ አንድ ነገር ላሳስብ ብዬ ነው የቆምኩት። ነገሩ ረዘም ቢል በትዕግሥት አዳምጡኝ።

ዛሬ የካቲት 1 ነው። እንደምታውቁት ጾመ ነነዌ ዘንድሮ ከጥር 25 እስከ 27 ቀን ውሏል። የፊታችን እሑድ የካቲት 8 ቅበላ ነው፤ በማግሥቱ ሰኞ የካቲት 9 ሁዳዴ ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። ባሕረ ሐሳብ የተማሩ አባቶች እንደሚያስረዱን ነነዌ ከጥር 17 አትቀድምም፣ ከየካቲት 21ም አታልፍም። ዐቢይ ጾምም ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አይዘገይም። ቀኑ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይበል እንጂ ከነነዌ መግቢያ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያለው ጊዜ ምንጊዜም 14 ቀን ነው። ከዚህ ላይ ነነዌን የምንጾምባቸውን ሦስት ቀኖች ብንቀንስ 11 ቀን ይቀረናል። የዛሬው ነገሬ ስለዚህ 11 ቀን ነው። ዘንድሮ ከእርሱም ላይ ጥቂቱ አልፎ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የቀረን።

ለመሆኑ በእነዚህ ቀኖች ውስጥ ምን እንሠራለን? እስቲ ቡኢን እንያት። ሠርግ ያለው ሰው ጾሙ ሳይቀድመው ልጁን ለመዳር ይጣደፋል፤ ሁዳዴ ከገባ ሠርግ የለምና። እናቶች ሽሮውን አሰናድተው፣ በርበሬውን ቀንጥሰውና ደልዘው ወፍጮ ቤት ይሰለፋሉ። ተልባው ይታመሳል፤ ሱፉ ይለቀማል፤ ለስልጆ የሚሆነው ባቄላና ሰናፍጭ ይዘጋጃል። ቅቤ የነካው ድስት ታጥቦ ለብቻው ይቀመጣል። የቅበላ ዕለትማ ምን ልበላችሁ! ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው እንደ ገበያ ይተማል። ክትፎው ከቆጮና ከአይብ ጋር ይቀርባል፤ ዘመድ ይጠራል፤ ማታ «ጾሙን በሰላም ያስፈታን» ተባብለን እንለያያለን።

በቤተ ክርስቲያን በኩልም እንደዚሁ ዝግጅት አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግቢውን ይጠርጋሉ። ከበሮውና ጸናጽሉ ያርፋሉ፤ ከሰኞ ጀምሮ ሊቃውንቱ የቅዱስ ያሬድን ጾመ ድጓ በመቋሚያ ብቻ ይቆማሉ። በአዘቦት ቀን ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን የደወሉ ሰዓት ይለወጣል፤ ከእርሱ ጋር የከተማው ሁሉ የምግብ ሰዓት ይለወጣል። በሶዶ ምድር ላለን ደግሞ የምድረ ከብድ አቦ አለ። የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የዕረፍት በዓል መጋቢት 5 ነው፤ ሁዳዴም ከመጋቢት 5 አይዘገይም ስላልኳችሁ ይህ በዓል በየትኛውም ዓመት ከጾሙ ውጭ አይወድቅም። ስለዚህ ወደ ገዳሙ የሚሄደው መንገደኛ ስንቁ ዳቦ ቆሎ ነው።

እንግዲህ እንዲህ እንዘጋጃለን። ሆዳችን ይዘጋጃል፤ ድስታችን ይዘጋጃል፤ ከበሮው እንኳ ቦታውን ይዞ ያርፋል። የተጣላነው ጎረቤታችን ግን በተጣላንበት ቦታ እንደ ቆመ ሁዳዴ ይገባበታል። ዕዳ ያልኩት ይህንን ነው።

ወደ ራሴ ታሪክ ከመግባቴ በፊት የጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ከወዴት እንደ መጣ ላስታውሳችሁ። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። ጌታ የጾመው 40 ቀን ነው፤ የመጨረሻው ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነው፤ በመግቢያው ያለው ሳምንት ደግሞ ጾመ ሕርቃል ይባላል። ሕርቃል የሮም የቢዛንታይን ንጉሥ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ614 ዓ.ም. የፋርስ ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ይዞ የጌታን መስቀል ማረከ። መምህራን እንደሚተርኩልን ሕርቃል ለመዝመት ሲነሣ አንድ ነገር አሳሰበው። ነፍስ የገደለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲጾም ሥርዓት ተሠርቶ ነበርና «ብዘምት እገድላለሁ፤ ብገድል ደግሞ ጾሙ ከዕድሜዬ በላይ ይሆንብኛል» ብሎ ፈራ። ምእመናኑ ግን «አንተ ሂድና መስቀሉን አስመልስልን፤ የአንተን ጾም እኛ ተካፍለን እንጾምልሃለን» አሉት። ተካፍለውም ጾሙለት። ያ የተካፈሉት ጾም ነው ዛሬ በሁዳዴ መግቢያ ላይ የምንጾመው።

እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ይህ እኮ ዕድር ነው! አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ሸክም ብዙ ሰው ሲከፋፈለው ማለት ነው። እኛ ሬሳ እንካፈላለን፤ መቃብር መቆፈሩን፣ ድንኳን መትከሉን፣ ውኃ መቅዳቱን፣ ንፍሮ መቀቀሉን እንካፈላለን። በዚህ በኩል ማንም አይወቅሰንም። ሰው በሕይወት ሳለ የሚሸከመውን ግን ለብቻው እንተውለታለን።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከእናንተ መካከል የምታውቁት አላችሁ፤ የማታውቁትም እወቁት።

ከእኔና ከአንድ ጎረቤቴ ቤት መካከል አጥር አለ። ሰውየው እኩያዬ ነበር፤ አብረን አድገናል። እኔ በአጥሬ ዳር ሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ ተከልኩ። መቼም ባሕር ዛፍ ለእኛ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ ማገር ነው፣ ማገዶ ነው፣ የልጅ ደብተርና ልብስ ነው፣ ለክፉ ቀንም የሚሸጥ ነው። ነገር ግን ዛፉ ውኃ ይጠጣል፤ ሥሩም የሰው ድንበር አያውቅም። ከጥቂት ዓመት በኋላ የጎረቤቴ እንሰት ከአጥሩ ወዲያ እየቀጨጨ ሄደ። እንሰት ደግሞ ዘንድሮ ተክለው ለከርሞ የሚፍቁት አይደለም፤ ብዙ ዓመት የሚጠበቅ የቤት መሠረት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት መጣና «ይህን የዛፍህን ነገር» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። «በገዛ መሬቴ ላይ የተከልኩትን ማንም አያስነቅለኝም» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ሄደ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም።

ታዲያ በእነዚህ አራት ዓመታት ሁለታችንም የዚህ ዕድር አባላት ነበርን። ሁለታችንም መዋጮ በቀኑ እንከፍላለን። ለቅሶ ቤት አንቀርም። በአንድ ድንኳን ውስጥ እሱ ወንበር ሲደረድር እኔ ንፍሮ አዞራለሁ፤ ሳህኑን ለእሱ መስጠት ሲኖርብኝ ግን በሌላ ሰው እጅ አሳልፋለሁ። በስብሰባ ላይ እሱ በበሩ በኩል ከተቀመጠ እኔ በመስኮቱ በኩል ነኝ። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። የዕድሩ ደንብ የቀረውን ይቀጣል፣ የዘገየውን ይቀጣል፤ የተኳረፈውን የሚጠይቅ አንቀጽ ግን የለውም።

በአራተኛው ዓመት በቅበላ ማታ ባለቤቴ «እስቲ ዛሬ እንኳ ሂድና በሩን አንኳኳ። ነገ ጾም ነው» አለችኝ። እኔም «ጾሙን ልጹምና ልቤ ሲለሰልስ ለፋሲካ እሄዳለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ልሄድ አስቤያለሁ። 55 ቀን ምን አላት ብዬ ነው።

የመጻጉዕ ሰንበት ባለፈ በማክሰኞው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ጡሩንባ ተነፋ። ጡሩንባ ነፊው ስሙን ሲጠራ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ።

የዚያን ቀን መቃብር የመቆፈሩ ተራ የእኛ ምድብ ነበር። ቆፈርኩ። ከሬሳው በአንድ ወገን ገብቼ ተሸከምኩ። አፈሩን መለስኩ። ሦስቱን ቀን ድንኳን ውስጥ ዋልኩ። መዝገቡን ብታገላብጡ በስሜ ትይዩ «ተገኝቷል» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በዕድሩ ደንብ በኩል ከእኔ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ለአራት ዓመት ሰላም ያላልኩትን ሰው ነው የተሸከምኩት፤ ክብደቱን ዛሬም ትከሻዬ ያውቀዋል።

በዚያ ሳምንት ቤተ ክርስቲያን የምታነበው ስለ መጻጉዕ ነው። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛ ሰው ነው፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነው የቀረው። እኔም ይህን ቆሜ ሰምቼ ነበር። የእኔ ጎረቤት ግን ሰው አላጣም። ሰው ነበረው፤ በአጥሩ ማዶ ተቀምጦ ፋሲካን ይጠብቅ ነበር።

አርባው ከፋሲካ በኋላ ዋለ። ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ባለቤቱን ወደ ጎን ወሰድኳትና «ይቅር በዪኝ፤ ዛፉን ሁሉ እቆርጠዋለሁ» አልኳት። እሷም ጥቂት ዝም ብላ «እሱ እኮ ዛፉን ሁሉ ቁረጥ ሊልህ አልመጣም ነበር። ወደ እኛ ያለውን አንዱን ረድፍ አንሣልኝ፣ ሌላው ይቅር ሊልህ ነበር። ምን ይሆናል፣ አላስጨረስከውም» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ አራት ዓመት የተኳረፍንበት ነገር አንድ ረድፍ ዛፍ ነበር። ያውም ያልሰማሁት።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። በዚህ ስብሰባ ውስጥ ዛሬ ተራርቀው የተቀመጡ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሌላውን ሬሳ መሸከሙ አይቀርም፤ ተራው የማን እንደ ሆነ ብቻ ነው የማናውቀው።

አንዳንዶቻችሁ «ዕድር ለቀብር ነው፤ ጠብ ማስታረቅ የንስሐ አባት ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፤ የካህኑን ሥራ ካህኑ ይሥራ። ነገር ግን የእኛ ሕዝብ ማኅበር ሲያቆም አንድ ሥራ ብቻ ሠርቶ አያውቅም። ስለ ከተማ ዕድር አነሣሥ የጻፉ ሰዎች ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሄዱትን ጉራጌዎች ሳያነሡ አያልፉም፤ ከአገሩ የራቀ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ብለው ተሰባሰቡ፤ ከተሰባሰቡ በኋላ ግን የታመመውን መጠየቅ፣ ሥራ ያጣውን መርዳትም መጣ። በ1950ዎቹም ዓመታት ከአለም ገና ተነሥቶ በዚህ በእኛ በር በቡኢና በቡታጅራ አልፎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚሄደውን መንገድ ለማሠራት ሕዝቡ ማኅበር አቁሞ ገንዘብ አዋጥቷል። ዕርቅማ ለክስታኔ ምን አዲስ ነገር ነው? ጎርደና ሴራ ያለን ሰዎች ነን። አባቶቻችን ከፍርድ ቤት በፊት ሽማግሌ ያስቀምጡ ነበር፤ ሽማግሌውም በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሁለቱን ወገን እስኪጨርሱ ማስጨረስ ነው። እኔ የጎደለኝ ይህ ነው፤ የሚያስጨርሰኝ ሰው።

ስለዚህ ለጠቅላላው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛው፣ ነነዌ በተፈታ በሐሙሱ ጀምሮ እስከ ቅበላ እሑድ ያሉት 11 ቀኖች በየዓመቱ የዕድራችን የዕርቅ ቀኖች ይሁኑ። ዳኛው ሦስት ሽማግሌ ይምረጡ፤ አንዲት እናት ብትጨመር ይበልጥ ይበጃል፤ የሰፈሩን ነገር ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉና። ሽማግሌዎቹ የተኳረፉትን ቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ። ቅጣት የለም፤ በስብሰባ ላይ ስም መጥራት የለም፤ በመዝገብም አይጻፍ። እምቢ ያለ ሰው እምቢ ይበል፤ ለከርሞ እንደገና ይጠየቃል። ሙስሊም አባሎቻችንም በዚህ ውስጥ እንዲገቡ እለምናለሁ። ዘንድሮ የረመዳን ጾማቸው በዚያው በእኛ ጾም መግቢያ ሰሞን ይጠበቃል፤ ሁላችንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ልንጾም ነው፤ በአንድ ሳምንት ብንታረቅ ምን ክፋት አለው?

ሁለተኛው፣ ልጆቻቸው በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ አገር ሆነው ብቻቸውን የቀሩ አረጋውያን አባላት አሉን። ጾም ብቻውን ላለ ሽማግሌ ከባድ ነው። ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ እሳት የሚያነድላቸው የለም፤ ትናንት ያደረ ቂጣ ቀምሰው ይተኛሉ። የሕርቃል ጾም ተካፍሎ የተጾመ ነው ብያችኋለሁ። እኛ ደግሞ 55ቱን ቀን እንካፈለው። ለእያንዳንዱ አረጋዊ ጎረቤት የሆኑ ቤቶች ተራ ይያዙ፤ ተራው የደረሰው ቤት ከሚበላው ሽሮም ይሁን ጎመን በአንድ ሳህን ይላክ። ሳህኑን የሚያደርሰው ልጅ ይሁን። ልጁ ገብቶ «እንደምን ዋሉ?» ይበል፤ ያየውንም ለእናቱ ይንገር። የታመመ ሰው መታመሙን የምናውቀው ጡሩንባ ሲነፋ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው፣ ስለ ውዝፍ ነው። ከአባሎቻችን አንዳንዱ ውዝፍ ስላለበት ብቻ ስብሰባ አይመጣም፤ ስብሰባ ካልመጣ ቅጣት ይጨመርበታል፤ ቅጣት ሲጨመር ከሰውም ይርቃል። የቅበላ ሰሞን ደግሞ ኪስ የሚራቆትበት ጊዜ ነው። እስከዛሬ የተጠራቀመው ቅጣት ለአንድ ጊዜ ይነሣ፤ ዋናው ውዝፍ ግን እስከ ፋሲካ በሦስት ጊዜ ይከፈል እላለሁ። ዕድሩ የሚጎዳው ጥቂት ገንዘብ ነው፤ የሚያገኘው ሰው ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር ላክልና ልቀመጥ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሆሣዕና እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ ይደረጋል። ሁላችንም በቁማችን የራሳችንን ፍትሐት እንሰማለን ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን «ማን ይሞታል?» ብላ አትጠይቅም፤ ለሁሉም አስቀድማ ታደርሳለች። እኛም ከእርሷ ብንማር ጥሩ ነው። የሚሞተውን ለይተን ስለማናውቅ ለሁሉም አስቀድመን እንታረቅ።

ጎረቤቴን በተመለከተ፣ አንዱን ረድፍ ቆርጫለሁ። ባለቤቱም አዲስ እንሰት በቦታው ተክላለች፤ ገና አልደረሰም። ባሕር ዛፍ ግን ተቆረጠ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ነነዌ በተፈታ ቁጥር መጥረቢያ ይዤ ወደ አጥሩ እወርዳለሁ። ባለፈው ሐሙስም ወርጄ ነበር። እሷ በወዲያ በኩል ሆና «ዘንድሮስ ብዙ አቆጠቆጠ?» ስትል ትጠይቀኛለች። እኔም እነግራታለሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ሳምንቱ አጭር ነው። ጾሙን የበረከት ያድርግልን፤ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።